ሴትዮዋን ወደ እኔ ያዞርኳት ዕለት

ከሞላሌ የወጣሁ ማታ ባለቤቴ አስካለ የሱፍ ባናዋን ደርባ እስከ ደጅ ሸኘችኝና፣ «እርስዎ ይቅደሙ። የሚኖሩበትን ቤት አይተው ይንገሩኝ፤ ሰው የሚኖርበት ከሆነ እከተላለሁ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሆላንድ የምትኖረው ልጃችን የሺ የሁለታችንንም የመሄጃ ጉዳይ ጨርሳ ነበር፤ የቀረው የእናትየዋ እሺታ ነው።

ሆላንድ ዳገት የሚባል የለም፤ አገሩ እንደ አውድማ ለጥ ያለ ነው። ብርዱ የአገሬን የጓሳን አያክልም፣ ግን እርጥብ ስለሆነ አጥንት ድረስ ይገባል። የየሺ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሰፋ ያለ ፍለጋ ቤት ሰጪው ቢሮ ሄድን፤ የሺ ታስተረጉማለች።

«ተጨማሪው ክፍል ለማን ነው?» አለ ሰውየው።

«ለባለቤቴ።»

«የት ናት?»

«ሞላሌ።»

«እዚያ ካለች እዚህ ክፍል ምን ያደርግላታል?»

«ክፍል ከሌለ አትመጣም ጌታዬ።»

«ካልመጣች ክፍል አይሰጥም» አለና በትሕትና በሩን ከፈተልን።

የሺ ያለንበትን ቤት በስልክ ፎቶ አንስታ ብትልክላት፣ አስካለ ነጩን ግድግዳ አይታ፣ «ሐኪም ቤት ተኝተው ነው እንዴ? ለምን ደበቃችሁኝ?» አለች።

ሽማግሌዎች የሚውሉበት አዳራሽ ውስጥ ሊስ የምትባል ሴት የዘይት ቀለም ሥዕል ታስተምራለች። የጥንት ሥዕል ፊታችን ታቆምና እሱን አስመስሉ ትለናለች። ለእኔ የደረሰኝ የድሮ ሰው ቤት ውስጡ ነው፤ እሳት ይነዳል፣ ቅርጫት አለ፣ አንዲት እናት ሕፃኗን እያስተኛች ተቀምጣለች። ይህን ቤትማ አስካለ ብታየው ትመጣለች አልኩ በልቤ።

ቀለሙን የሚያቀጥኑበትን ዘይት ባሸተው ተልባ። እናንተዬ፣ እኛ በጾም በጥብጠን የምንጠጣውን ተልባ እነሱ ሸራ ይቀቡታል። ለየሺ ስነግራት፣ «አባዬ፣ እንዳይቀምሱት» አለችኝ። ቀምሼው ነበር።

እሳቱንም ቅርጫቱንም እንደምንም ጨርሼ ፊቷ ላይ ስደርስ ክው አልኩ። በጎን ነው የሳሏት፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ልጇን የምታስተኛ እናት ምን በደለች? ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩላት፤ ለዓይኑ ቦታ ስፈልግ ፊቷም ወደ እኔ ዞረ።

ሊስ መጥታ ስታይ አፏን ያዘች። «ኔ፣ ኔ፣ መኔር» አለች፤ አይሆንም ጌታዬ ማለቷ ነው። የቀረውን ልትወስደኝ የመጣችው የሺ ተረጎመችልኝ፦ «እሷ እኮ የምታየው ልጇን ነበር። አሁን ማንን ታያለች?»

የሺም ቀረብ ብላ ሥዕሉን አየች። «አባዬ፣ እማዬን እኮ ነው የሳሏት።»

እውነትም አስካለ ናት። የአንገቷ ንቅሳት ሳይቀር አለ፤ መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም።

የሺ ሥዕሉን ልካላት ደወልን።

«በዚህ ዕድሜዬ አራስ አደረጉኝ?» አለች አስካለ፤ ሳቅን።

«ቤቱስ?» አልኳት።

«ደግ ቤት ነው። ሰው የሚኖርበት ነው።»

«እንግዲያው ትመጫለሽ?»

«ምን ልሠራ? አስገብተውኝ የለ? እሳት ዳር አስቀምጠውኛል፣ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። እኔ እዚሁ በጎቼን ልጠብቅ።»

ቀልዷ መስሎኝ ሳቋን ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

ሊስ እንደምትለው የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ያልወደዱትን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና መሣል ይቻላል። ይኸው ጨርቁን ይዤ ሥዕሉ ፊት ተቀምጫለሁ። ብጠርጋት ትመጣ ይሆናል እላለሁ። እጄን ባነሣሁ ቁጥር ግን በሁለቱም ዓይኗ ታየኛለች።