ቤሩትን ያላየው ሻንጣ

እህቴ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ አቅፋኝ አልቅሳ ሳታበቃ ታክሲው ውስጥ የተጫነ ትልቅ ሻንጣ አሳየችኝ። አዲስ ነው። ሽቶ፣ የፀጉር ቅባት፣ የልጅ ጫማ፤ ሁሉንም መርካቶ ወርዳ ገዝታዋለች።

«ምንድነው ደግሞ ይሄ?» አልኳት።

«ከቤሩት ይዘሽው የመጣሽው ነዋ!»

ለካ እኔ በታሰርኩበት ዘመን ሁሉ ለሰፈሩ ሰው አረብ አገር ነበርኩ። ለልጄም ጭምር! በስልክ ስናወራ የት እንዳለሁ ጠይቃኝ አታውቅም። እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ድንገት ስትጠፋ «አረብ አገር ሄደች» ከተባለ ማንም አያጣራም። እህቴ ላይ አልፈርድም፤ እሁድ እሁድ ስንቅ ተሸክማ ስትሰለፍ የከረመችው፣ ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ግን ተናደድኩ። እስር ቤት ጥልፍ ተምሬያለሁ። አንድ ነጋዴ ጨርቅና ክር እያስገባ ያሠራን ነበር። የጠለፍነውን ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ወስዶ ይሸጠዋል፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስወጣ የያዝኩት ሙያዬንና የምስክር ወረቀቴን ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የማረሚያ ቤቱ ማኅተም አለበት። ቤሩት ነበርኩ ካልኩ ለማን አሳየዋለሁ?

«በእናትሽ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ» አለች እህቴ። «ልጅቷ ካወቀች ፊቷን ታዞርብሻለች።»

ሥራ ባጣ እችለዋለሁ፤ ልጄን ማጣት ግን አልችልም። ታክሲው የሽሮ ሜዳን ገበያ አልፎ ዳገቱን ሲወጣ የምስክር ወረቀቴን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ሸሸግኩት።

ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ጠበቀን። «እንኳን ለአገርሽ መሬት አበቃሽ!» እየተባለ ተሳምኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ትከሻዬ ድረስ ደርሳለች።

በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን «እስቲ የኔ ልጅ፣ የቤሩት ሙቀት እንዴት አደረገሽ?» አሉኝ።

እህቴ አፈጠጠችብኝ። በቃ፣ አሁን ካልተናገርኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ልኖር ነው አልኩ።

«እማማ፣ እኔ ቤሩትን አላውቃትም። እዚሁ አገሬ ታስሬ ነው የከረምኩት። ጥልፍ ተምሬ ወጥቻለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ሥራ እፈልጋለሁ። የሚያሠራ ካወቁ ይንገሩኝ።»

አንዷ ነጠላዋን አጣፍታ ውልቅ አለች። እህቴ «ጉድ ሠራሽኝ!» ብላ ጓዳ ገባች። እኔ ከተናገርኩት ወደኋላ አላልኩም፤ ልጄን ቀና ብዬ ማየት ግን ፈራሁ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «በስልክ ስናወራ ከኋላሽ ‹ቆጠራ! ለቆጠራ ተሰለፉ!› እያሉ የሚጮኹት ይሰማኝ ነበር። ቤሩት በአማርኛ ይጮኻሉ እንዴ?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ።»