ዓባይን የሚሻገር ሞተር

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ያለው አሮጌ መኪና ገዛሁ። ጊዮርጊስ አጠገብ የሚሠራውን መካኒክ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የት ሊነዱት ነው?»

«ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ቢሮ ለመመላለስ።»

«እንግዲያው አያስፈልገውም።»

ባለቤቴ ከመኪናው ውስጥ፣ «ዓባይን ለመሻገርስ?» አለችው። ከተጋባን ወዲህ ደብረ ማርቆስ ያሉትን እናቷን አላየችም ነበር።

«እትዬ፣ ያ ዳገት ዘይቱን ያፈላዋል፤ ለእሱስ ያስፈልጋል» አለና ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ጌታዬ፣ አማትዎ ጋ ላለመሄድ ጥሩ ምክንያት ነበረዎት፤ እኔ ግን ማቀዝቀዣው አለኝ!»

«ግጠምልኝ» አልኩት።

ዳገቱን ስንወጣ የዘይቱን ሙቀት መለኪያ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። መርፌው ቀዩን ሳይነካ ደጀን ገባን። ያኔ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ይኸው፣ የእማዬ አገር» አለች።