«አለሁ፣ ኑ» ያለው ድምፄ

ፈሪ ነኝ። ወጌሻ ሲባል ሰው ሁሉ ደፋር ስለሚመስለው ይህን አስቀድሜ ልናገር። የተሰበረ እጅ ስስብ ባለቤቱ እየጮኸ ፊቴ ስለማይለወጥ «ልቧ ድንጋይ ነው» ይሉኛል። ምነው ድንጋይ በሆነልኝ። እኔ የምፈራው ሰውየው ከደጄ ከወጣ በኋላ ነው። ፋሻውን አጥብቄው ይሆን? ተኝቶበት ይሆን? እያልኩ ስገላበጥ አድራለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ሥራውንም ፍርሃቱንም ያወረሰችኝ እሷ ናት። ስታስተምረኝ ከሁሉ አስቀድማ «ጣት እይ» ትለኝ ነበር። ክንድ ቢሰበር ጣት እይ፣ ቅልጥም ቢሰበር ጣት እይ። ጣቱ ከቀዘቀዘ የእኛ ሥራ አይደለም፣ የሐኪም ነው።

የምኖረው ሞላሌ ነው፤ የምሠራውም ብቻዬን። ወጌሻ ሱቅ የለው፣ ታፔላ አይሰቅል፤ ሰው እንዲያውቀኝ ገበያ መዋል ነበረብኝ። አንዱን ቀን የሞላሌን ገበያ፣ ሌላውን ቀን የዘመሮን፣ መኪና ከተገኘ ደግሞ የቀየትን። ጨው ሻጮቹ አጠገብ ቁጭ እልና ከሰው ጋር ሳወጋ እውላለሁ። የዳነው ያልዳነውን እየጎተተ ያመጣልኛል። እኔም እጠይቃለሁ። መቼ ወደቀ? ደም አለው? አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል? ጣቶቹ ይሞቃሉ? ግማሹን ቤቴ ና እለዋለሁ፣ ግማሹን ተቆጥቼ ወደ ሆስፒታል እሰዳለሁ። ቤቴ ለምጠራው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የምላት ቃል አለችኝ፤ «እኔ ሳላየው ሌላ ሰው እንዳይነካው»። እኛ አገር አንድ ሰው ሲወድቅ ጎረቤቱ ሁሉ ወጌሻ ነው፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይጠመዝዛል፣ የሚያበላሸውም ይሄ ነው።

ገበያ መዋሉ ግን ዕድሜዬን በላው። እኔ ዘመሮ ስውል ደጄ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳያገኘኝ ይመለሳል። ብርዱ፣ ጉሙ፣ የመኪና ጥበቃው ሳያንስ፣ የሰው ጉልበት ሳሽ እየዋልኩ የራሴ ጉልበት ይንቋቋ ጀመር። ይህን ስነጫነጭ የሰማ አንድ የሞባይል ጠጋኝ ጎረቤት አለኝ፤ አንጓው ወልቆ የመለስኩለት ነው። በዚህ ዘመን ገበያ የሚዋለው በስልክ ነው አለና ቴሌግራም ከፈተልኝ። የራሱን ትከሻ ሳሽ በቪዲዮ ቀርጾ ለቀቀው። ወዲያው ከየአገሩ ይጽፉልኝ ጀመር። ለዚያ ሁሉ ሰው መመለሱ ደግሞ ሌላ ገበያ ሆነብኝ።

እሱ ለዚህም መላ አላጣም። አንዴ በድምፄ ከተናገርኩ፣ ከዚያ ወዲያ ለጻፈው ሰው ሁሉ ስልኩ ራሱ ይመልስልኛል። በገበያው ድምፄ ልናገር ብዬ ጥያቄዎቼን መደርደር ስጀምር አስቆመኝ። ረጅም ድምፅ ሰው አይሰማም፣ ጥያቄውን ሲመጡ ይጠይቋቸዋል አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ አሳጠርኩት። «አይዟችሁ። አለሁ፣ ኑ። እኔ ሳላየው ሌላ ሰው እንዳይነካው።» ይኸው ነበር።

የዚያን ሰሞን ደስታዬን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ገበያተኛው በጭቃው ሲንቦራጨቅ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሥራው በእግሩ ይመጣልኛል። ለጨው ሻጮቹ እንኳን ሳይቀር ጎረርኩባቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ለሌላው እንጂ ለእኔ የተተረተ አይመስለኝም ነበር።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ አጥሬን እንኳን ጋርዶብኛል፤ በረንዳው ላይ ገብስ እለቅማለሁ። የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። አንድ ጎልማሳ ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። አላውቃቸውም። ከገደሉ ስር ካለ መንደር ነው የመጡት። ትናንት እንጨት ስትለቅም አንሸራትቷት ወድቃ ቀኝ ክንዷ ክርኗ አጠገብ ተሰብሯል። ባልየው ያንኑ ማታ ጽፎልኝ ኖሯል፤ እኔ አላየሁትም፣ ስልኩ መልሶለታል። እሱም ክንዷን በሸምበቆ ደግፎ፣ ከጋቢው ጫፍ በቀደደው ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ጎህ ሲቀድ መንገድ ጀመሩ።

ሴትዮዋ ስትወርድ ፈገግ አለችልኝ። መጀመሪያ ያስፈራኝ እሱ ነው፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ፈገግ አይልም።

«አሁንስ ተመስገን፣ ከረፋድ ጀምሮ ሕመሙ ለቀቀኝ» አለች።

ክው አልኩ። ጣቶቿ አብጠዋል፣ ጠቁረዋል። ስይዛቸው ከወንዝ የወጣ ድንጋይ የያዝኩ ያህል ቀዘቀዙኝ። ጥፍሯን ተጫንኩት፣ ነጣ። ለቀቅኩት፣ እንደነጣ ቀረ። ጠንከር አድርጌ ቆነጠጥኳትና ይሰማሻል ወይ አልኳት።

«ምኑ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሕመሙ የለቀቃት እጇ እየሞተ ስለሆነ ነው። ባልየው ይህን አያውቅም፤ አጠገቤ ቆሞ በደስታ ያወራልኛል። መንገድ ላይ ጤና ኬላ አግኝተው ነበር። እዚያ ያለችው የጤና ሠራተኛ እጇን አይታ ደንግጣ ልፍታው፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ትሂድ ብላ ለምናቸው ነበር። እሱ ግን ወይ ፍንክች አለ።

«ሌላ ሰው እንዳይነካው ብለውን የለም እንዴ፣ እትዬ። ቃልዎን ጠብቀን ነው የመጣነው።»

ያቺ ቃል ገበያ ላይ ጣቱን አይቼ፣ አገላብጬ ጠይቄ፣ ከዚያ በኋላ የምላት ናት። የጎረቤት ወጌሻን እንጂ ሐኪምን ከልክዬባት አላውቅም። ጥያቄዎቹ ተቆርጠው ሲቀሩ ግን ያቺ ቃል ብቻዋን ገደል ወርዳ፣ ሰው ቤት ገብታ፣ ልትረዳቸው የፈለገችውን የጤና ሠራተኛ እጅ መልሳለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ።

መቀስ አምጥቼ ጨርቁን መቁረጥ ጀመርኩ። ቆዳዋን እንዳልወጋት በግራ እጄ ቀኜን ደግፌ ነው የቆረጥኩት። ጨርቁ ስጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ከተፈታም በኋላ ጣቶቿ መልክ አልቀየሩም። አጥንቱን አልነካሁትም። ባልየው ግራ ገብቶት፣ አይስቡትም ወይ አለኝ። ሆስፒታል ነው፣ አሁኑኑ ብዬ ነጠላዬን እንኳን ሳላስተካክል ወደ መንገዱ ሮጥኩ፤ እነሱም በቅሎዋን አጥሬ ላይ አስረው ተከተሉኝ። ይንቋቋ የነበረው ጉልበቴ የት እንደገባ እንጃ።

በግ የጫነ አይሱዙ ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ፣ ወደ መሐል ሜዳ ሲያልፍ እጄን ዘርግቼ ፊቱ ቆምኩ። ሾፌሩ ሊሰድበኝ መስኮቱን አውርዶ የሴትዮዋን እጅ ሲያይ በሩን ከፈተ። ሦስታችንም ጋቢናው ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ መኪናው ይጎተታል፤ እኔ ጣቶቿን ይዤ ድንግል ማርያምን እለምናለሁ። ባልየው ቀስ በቀስ ነገሩ ገባው መሰለኝ ድምፁ ይርበተበት ጀመር። እሱ ባና ይሸምናል፣ ለብርድ ልብሱ የበጉን ጠጉር የምትፈትለው እሷ ናት። ቀኝ እጇን አትርፉልኝ፣ የምንኖረው በእሷ ነው ይለኛል።

በዚህ መሐል ደረቴ ውስጥ የሸጎጥኩት ስልክ ጢን አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ሰው እየጻፈልኝ ነው፤ ያ ድምፄም አለሁ፣ ኑ እያለ ይመልስለታል። እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፤ የለሁም። ማን ይሆን የጻፈው? ምኑ የተሰበረ ይሆን? ማንን ሐኪም አትነካውም ብሎ ይመልስ ይሆን? ስልኩን አጠፋሁት። ካጠፋሁት በኋላ ጠጋኙ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ ተዘግቶም ይመልሳል ብሎኝ ነበር። መልሼ ከፍቼ ደወልኩለትና ያን ድምፅ ቶሎ ዝጋው፣ ምክንያቱን አትጠይቀኝ አልኩት። ዘጋው። ስንነጋገር ግን ባልየው ሰምቶናል።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የመለሱልኝ?» አለኝ።

«አይደለሁም። መጻፍህንም አላየሁ። ስልኩ ነው የመለሰልህ።»

ሚስቱን አየት አደረጋትና ወደ እኔ ዞረ። «ድምፁ ግን የርስዎ ነው'ኮ» አለኝ።

ሐኪሙ አንዴ አይቷት ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባት። እብጠቱን ለማስተንፈስ ክንዷን ቀደውታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ ጠበቅኩ። ከውስጥ የወጣች ነርስ እጁ አልተቆረጠም፣ ግን ገና አይታወቅም አለችን። ባልየው መሬቱን ሳመ።

በማግስቱ ገብቼ አየኋት። ጣቶቿ ከፋሻው ጫፍ ወጥተዋል። አንድ በአንድ ነካኋቸው፤ አውራ ጣቷ ሞቋል፣ ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ ለብ ብለዋል፣ ሁለቱ ትንንሾቹ ገና ቀዝቃዛ ናቸው። እነዚያ ሁለቱ ዛሬም አይታጠፉም፤ እንዝርቱን በግራ እጇ መያዝ ተለማምዳለች። እኔም ወደ ገበያዬ ተመልሻለሁ፣ ጨው ሻጮቹም የልባቸውን ስቀውብኛል። ያን ጠዋት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም፤ የማውቀው ይቅር በይኝ ለማለት መምጣቴን ብቻ ነበር። ያ ድምፅ አንቺን አያውቅሽም፣ አላየሽም፣ ለሁሉም ሰው ያንኑ የሚል ማሽን ነው አልኳት።

ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁበት።

«ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ፍታልኝ እያልኩ አለቅስ ነበር» አለችኝ። «ያን ጊዜ ባሌ ድምፅዎን ይከፍትልኛል። አይዟችሁ ሲሉ እሰማና እችለዋለሁ። እስኪነጋ እሱን እየሰማሁ ነው ያደርኩት።»

እንባዬን መደበቅ አልቻልኩም። የባሏ ስልክ አልጋው ላይ፣ በደህናው እጇ በኩል ተቀምጧል። ድምፁን አጥፊው፣ በማርያም፣ አሁን ፊቴ ላይ አጥፊው ብዬ ለመንኳት።

ስልኩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለች። «ገና ያመኛል'ኮ።»