ጠብታ ደም ያልነካው ቬሎ

በሰፈሩ «ባለመርፌው» እየተባሉ የሚጠሩት አዛውንት ልብስ ሰፊ፣ መርፌ ጨብጠው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አጥብቀው የናቁት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ሌሎች ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው በጣታቸው ጫፍ የሚያጠልቁት ትንሽ የብረት ቆብ ነው። «ቆብ የሚያስፈልገው ጣቱን ለማያምን ነው» ይሉ ነበር፣ በመንገዱ ማዶ ባለው ሱቅ ቆቡን አጥልቆ የሚሰፋውን ተፎካካሪያቸውን በግልምጫ እየጠቆሙ። መርፌ አልፎ አልፎ ቢወጋቸው እንኳ ጣታቸውን ለአፍታ መጥጠው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ደሙም ትእዛዝ እንደ ተቀበለ ወዲያው ይቆም ነበር።

ይህ ሥልጣን ያከተመው በእግራቸው የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው ወጥቶ ትንፋሽ ያሳጣቸው ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ እንክብል፣ በየቀኑ ሳያቋርጡ እንዲውጡ ታዘዘላቸው። ቀድሞውንም የጨርቅ ብናኝ የሚቀሰቅሰው አስም ስለነበረባቸው ከደረት ኪሳቸው በአፍ የሚስቡት መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ተለይቶ አያውቅም። ፓፉን እንደ ታማኝ ሎሌ ወደዱት፤ እንክብሏን ግን ጠመዷት። እርሷን ከዋጡ ወዲህ መርፌ በነካቸው ቁጥር ጣታቸው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠብ ጀመርና የአንድ የተከበሩ ዳኛን ነጭ ሸሚዝ አበላሸባቸው።

«አንተ ሰው፣ ያችን ቆብ ብታጠልቃት ምን ይቀርብሃል?» አሉ ባለቤታቸው።

«ክብሬ!»

«ክብርህማ የዳኛው አንገትጌ ላይ ተንጠባጥቦ አየነው።»

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በጤና ጣቢያው ደማቸውን የምትከታተለው ነርስ የሠርግ ቬሎዋን እንዲሰፉላት ጠየቀቻቸው። ባለመርፌው በደስታ ሊፈነዱ ደረሱ፤ ወዲያውም ነጩን ሐር አስበው ደነገጡ። ብዙ አወጡ፣ አወረዱ። በመጨረሻም ሊቃውንት ያልደረሱበትን ፍልስፍና አፈለቁ፦ እንክብሏም ለትንፋሽ ናት፣ ፓፉም ለትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ለሁለቱም ይሠራል። ቬሎው እስኪያልቅ ድረስም እንክብሏን በምስጢር አሰናበቷት።

ለመጨረሻው ልክ ሙሽራይቱ በርጩማ ላይ ቆመች። እርሳቸው ተንበርክከው የቬሎውን ጫፍ በስፒል ያያይዛሉ፤ በየመሐሉም ቁና ቁና እየተነፈሱ ፓፋቸውን ይስባሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ጠብታ ደም እንኳ አልነካውም እኮ!»

«የእጄን ጥራት ዛሬ አወቅሽው?»

«ባለፈው ጣቴ መድማቱን አላቆም አለ ብለው ሲያማርሩ አልነበረም? ቆብ ጀመሩ ማለት ነው?»

«ቆብ? እኔ?»

የነርሷ ፈገግታ ከፊቷ ጠፋ። «እንግዲያው እንክብሉን አቁመዋል።»

«አላቆምኩም። ትንሽ ዕረፍት ሰጥቻት ነው።»

«ለማን?»

«ለእንክብሏ።»

«ጋሼ! ፓፍ የጠበበ የአየር መንገድ ይከፍታል እንጂ ደም እንዳይረጋ አያደርግም! ከንፈርዎ ጠቁሯል። ይነሱ!»

«ጫፉ እኮ አልተሰፋም! ስፒል ነው የያዘው!»

«ይነሱ አልኩ!»

እንዲህ ሆኖ፣ በስፒል የታጠረች ሙሽራ፣ ሜትር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌን በብብታቸው ደግፋ ታክሲ አስቆመች። ሹፌሩ ሁለቱን አየና ጥሩንባውን አንባረቀው፤ የሚያልፈውም መኪና ሁሉ አጀበው።

«አባቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ዕድሜ ምን ያግዳል!»

«እኔ... እኔ እኮ...» አሉ ባለመርፌው።

«አይናገሩ፣ ይረጋጉ። ደስታ ትንፋሽ ያሳጣል።»

«ወደ ድንገተኛ ክፍል ንዳ!» ብላ ጮኸች ሙሽራይቱ፤ ሲቀመጡ አንዱ ስፒል ወግቷት ነበርና ጩኸቷ እጥፍ ሆነ።

ሳንባቸው ውስጥ ዳግመኛ ደም ረግቶ ተገኘ፤ ደግነቱ በጊዜ ደርሰዋል። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌም ሆዳቸው ላይ ተወጉ። ባለቤታቸው እየሮጡ ደረሱ።

«ሰፈሩ ሁሉ ሌላ አገባብሽ ይለኛል! በዚህ ትንፋሽህ?»

ባለመርፌው ጭምብሉን ገለጥ አድርገው «ጫፉ ይቀራል» አሉ።

ከቀናት በኋላ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ነርሷ ቬሎውን በክንዷ ይዛ አልጋቸው አጠገብ ቆማ ፍርዷን አሰማች፤ እንክብሉን በየቀኑ ይውጣሉ፣ ሲሰፉም ቆቡን ያጠልቃሉ። አለዚያ ቬሎው መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ሱቅ ይገባል።

«ለዚያ ሰውዬ? ስፌቱ እንደ ጆንያ ለሆነው?»

«እርሱ ቢያንስ ይተነፍሳል።»

ሽማግሌው እንክብሏን በውኃ ዋጡና እጃቸውን ዘረጉ። ባለቤታቸው ገዝተው የያዙትን ቆብ ከቦርሳቸው አውጥተው በጣታቸው አጠለቁላቸው።

«የአልጋውን መጋረጃ ዝጉልኝ» አሉ በለሆሳስ።

ቬሎውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ገና መስፋት እንደ ጀመሩ በመጋረጃው ማዶ የወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ያ የማዶው ልብስ ሰፊ ሊጠይቃቸው መጥቶ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ልግባ?»

«አትግባ!» ብለው ባለመርፌው በሙሉ ትንፋሻቸው አንባረቁ። «ገላዬን እየታጠብኩ ነው!»