ቤታቸውን እየጎተቱ የሄዱ ዕለት

አለቃ የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት መንገድ የሠሩት ሰዎች ናቸው። ሹመት ኖሮት አይደለም፤ ግሬደር ነጂ ነበር። ግን የካምፑ ተሳቢ ቤቶች ከአንድ ሥራ ቦታ ወደ ሌላው ሲዛወሩ፣ እሱ ዞሮ ሳያያቸው ንቅንቅ የሚል አልነበረምና ስሙ በዚያው ጸና። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቱታ ስትጠግን፣ መጋረጃ ስትሰፋ፣ አንዲት ልጃቸውን ስታሳድግ ዕድሜዋን የጨረሰችው ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ነው። አለቃ ጡረታ ሲወጣ የኖሩበትን ተሳቢ በጨረታ ገዛው። "ሰው ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ እኛ ይዘነው እንሄዳለን" እያለ ይስቅ ነበር።

ሚስቱን መንዳትም መጎተትም ያስተማራት እሱ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ተሳቢውን ከፒክአፑ ኋላ ካለው መጎተቻ ጋንቾ ጋር አገናኝቶ፣ ሰንሰለቱን አስሮ፣ ጎኗ ቁጭ ይላል።

"ከባድ ከባዱን ወለሉ ላይ፣ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ጫኚ። ኋላ ትራስና ብርድ ልብስ ብቻ። ኋላው ከከበደ ጅራት ራስን ማዘዝ ይጀምራል።"

"ቢወዛወዝብኝስ?"

"ፍሬን አትርገጪ። መሪውንም አትታገዪው። ቀጥ አድርገሽ ያዢና እግርሽን ከነዳጁ ላይ አንሺ። እስኪረጋ ዝም ነው።"

"ዝም በዪ ማለትማ ከተጋባን ጀምሮ ይቀናሃል" ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ነገሩ የጀመረው ቁልፍ በመርሳት ነበር። ማን አይረሳም ተባለ። ቆይቶ ከዳቦ ቤት መመለሻው ጠፋውና ሰዎች እጁን ይዘው አመጡት። ሐኪሙም የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ቁርጡን ነገራት። ልጃቸው በስልክ አለቀሰች።

"እማዬ፣ ብቻሽን አትችዪውም። ግቢያችን ሰፊ ነው፣ ኑልኝ።"

"ቤቱስ?"

"ይሸጣላ!"

"አባትሽ ከዚያ ቤት ውጪ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ሌላ ክፍል ካደረ ሲባንን ነው የሚነጋው። ይዤው እመጣለሁ።"

"ማን ይጎትትልሻል?"

"እኔ ነኛ!"

በመሄጃቸው ጠዋት ጎረቤታቸው ጎሚስታው የጎማዎቹን ነፋስ ለካላት። ባለፔዳሏን የስፌት መኪና ለሁለት ተሸክመው ተሳቢው ውስጥ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት አስቀመጧትና በገመድ ጠፍረው አሰሯት። የብረት መሣሪያ ሳጥኑንም ከጎኗ አደረጉት። ልብስ ሰፊዋ መብራቱን፣ ሰንሰለቱን፣ በሩን አየች። ከዚያ ጎረቤት ልትሰናበት ገባች። ስንብት ደግሞ እንባ አለው፣ ምርቃት አለው፣ ቶሎ አያልቅም። ስትመለስ አለቃ ላቡን እየጠረገ ከተሳቢው ሲወርድ አገኘችው።

"ጋደም ብለህ ነበር?"

"ሥራ ነበረኝ" አላት።

ሥራ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ስለቆየ ደስ አላት። በሩን ቆለፈችና ተነሡ።

ሜዳው ላይ ደህና ነበሩ። የፒክአፑ ኋላ ቀለል ያለ ቢመስላትም መንገዱ ነው ብላ ተወችው። ቁልቁለቱ አናት ላይ ማርሽ ቀነሰች። መሐል ላይ ሲደርሱ የነዳጅ ቦቴ በጎናቸው ተፈተለከ፤ ነፋሱ ተሳቢውን ገፋው። በመስታወት ስታይ ቤቷ ወደ ግራ ወጣ፣ ተመልሶ ወደ ቀኝ ሄደ፣ እንደገና ከፊተኛው በላይ ወደ ግራ። ፒክአፑንም ወገቡን ይዞ ይንጠው ጀመር።

"አለቃ! ምን ላድርግ?"

አለቃ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ "እናቴ! እናቴ!" ይላል።

እግሯ ፍሬኑን አማራት። እንደምንም ከለከለችው። መሪውን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ ነዳጁን ለቀቀች። ሞተሩ እያጓራ ያዘው። ቤቱ ጥቂት ተወዛወዘና ውዝዋዜው አነሰ፣ አነሰና ረጋ። ያን ጊዜ ቀስ ብላ ዳር ይዛ ቆመች። የፒክአፑን ጎን እየተደገፈች ሄዳ የተሳቢውን በር ከፈተች።

የስፌት መኪናዋ መጨረሻ ላይ፣ ከኋለኛው መስኮት ሥር ነበረች። የመሣሪያ ሳጥኑም እዚያው ተጎትቷል። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

"ማነው ያነሳው?" ብላ ጮኸች።

አለቃ ከኋላዋ መጥቶ ቆሞ ነበር። "እኔ ነኝ። አይቆጡ፣ እመቤቴ" አላት። "ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ብርሃኑ ደግሞ እዚህ መስኮት ጋ ነው። ስትመጣ እንዳትቸገር ብዬ ነው።"

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንቱ ብሏት አያውቅም። ቁጣዋ የት እንደገባ ጠፋት።

"የት ሄደች?" አለችው።

"ጎረቤት ልትሰናበት። አትቆይም፣ ትንሽ ይጠብቋት።"

"እሺ፣ እጠብቃታለሁ።"

እቃውን እንዲያግዛት በትሕትና ለመነችው። እሱም እንደ ጨዋ እንግዳ እጅጌውን ሰብስቦ አነሳላት፤ የስፌት መኪናዋን ወደ ቦታዋ መልሰው አሰሯት። የቀረውን መንገድ በዝግታ ነዳች። እሱ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ሲያንቀላፋ፣ እንዳይነቃ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

አለቃ በልጃቸው ግቢ ውስጥ እስከ ክረምቱ መውጫ ኖረ። አንዳንድ ቀን አንቺ ይላታል፣ አንዳንድ ቀን እርስዎ። እርስዎ ባላት ቀን ስለ ሚስቱ ትጠይቀዋለች። ሙያዋን፣ ሳቋን፣ ነገር አለመርሳቷን ሲነግራት አፍ አፉን እያየች ትሰማለች። "ቀናተኛ ናት እንዴ?" ብትለው አንድ ቀን፣ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ "ቀስ ይበሉ፣ ትሰማለች" አላት። ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ብትነካው ቀዝቅዞ አገኘችው።

ከሐዘኑ በኋላ ተሳቢው ተሸጠ። አልተቃወመችም። ልጇ አዲስ አልጋ ገዝታ፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጠቻት። ሆኖም አንድ ጠዋት፣ ገና አልጋ ላይ ያለችው እናቷ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከፊቷ አየች።

"እማዬ፣ ፍራሹ ጎረበጠሽ?"

"ኧረ ምን በወጣው። ቤቱ ነው እንጂ።"

"ቤቱ ምን ሆነ?"

"አይንቀሳቀስም። እዚያ አባትሽ ሲገላበጥ ቤቱ ከሥሩ ባለው ተጣጣፊ ብረት፣ ባሌስትራው ላይ ትንሽ ይነቀነቃል። እንቅልፍ ላይ ብሆንም መኖሩን አውቅ ነበር።"

ልጅቷ የሥራ ሰዓቷ ደርሶ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና ከእናቷ ጎን አልጋው ላይ ጋደም አለች።