መድኃኒት አይደለም፣ ሻይ ነው

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደረቀ ቅጠልና አበባ ስትሸጥ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ተንኮል አልነበረባትም። ሆዱን የቆረጠው ሰው ገና በሩ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ ልቡ የጨለመበት ግን ደጃፏ ላይ ሁለት ሦስቴ ይመላለስና ሌላው ገዢ እስኪወጣ ጠብቆ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሰው አክስቴ ካረማመዱ ታውቀዋለች። ምንም ሳትጠይቀው ሦስተኛውን መሳቢያ ስባ፣ ከቢጫው አበባ አንድ እፍኝ በወረቀት ትጠቀልልና «መድኃኒት አይደለም፣ ሻይ ነው» ትለዋለች። ሰውየውም ታማሚ ሆኖ ገብቶ ሻይ ገዝቶ ይወጣል። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «እትዬ ሻይ» ያላት በዚህ ነው።

ይረዳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንዳንዱን ሲረዳ አይቻለሁ። ፊቱ ፈክቶ የተመለሰ አለ፤ ለእህቱም ጨምሮ የገዛ አለ። አክስቴ ግን አንድ ልማድ ነበራት፤ ያልተመለሰውን ሁሉ እንደዳነ ትቆጥረዋለች። ምናልባት ብሶበት ይሆናል ስላት «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አያርፍም» ብላ ወደ ወንፊቷ ትመለሳለች።

አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። አባዬ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል ይባልለት ነበር። ፀጉሩ ገና ሳያድግ ጨዋታው ናፍቆት ብቻ የሚመጣ ደንበኛ ነበረው። ታዲያ አንድ ማክሰኞ የአንዱን ሰው ጭንቅላት ግማሹን ቆርጦ፣ ግማሹን ሳይነካው መቀሱን አስቀመጠና ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «ደከመኝ» አለ። ደንበኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ግማሽ ፀጉሩ ላይ ባርኔጣ ደፍቶ ሄደ። ሰፈሩ በሰውየው ሲስቅ ሰነበተ። አባዬ ግን ያን ቀን ቤት ገብቶ እንደተኛ ቀረ። እኛም ደብሮት ነው፣ ያልፍለታል አልን።

አክስቴ በማግስቱ ጠዋት ፔርሙሷን ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ትመጣለች። ትቀዳለታለች፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን አትነሳም። ጠጣ እንጂ፣ ሱቅ አለብኝ እኮ እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱ ደግሞ አንዴ ፉት ካለ ወዲያ ያስቀምጠዋል፤ እስኪቀዘቅዝ ያቆየዋል። መርሮት ነው እል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ተነስቶ ጢሙን ተላጨ። አክስቴ ያን ቀን በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ለመጣው ገዢ ሁሉ አወራች። በአምስተኛው ሳምንት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ ጠዋት ባልነቃ ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ይህን ከአባት አፍ መስማት ምን እንደሚመስል ለሰው ማስረዳት አልችልም። ጫማውን አጥልቄለት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሕመሙ ድባቴ እንደሚባልና እንደሚታከም ነገረችን። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ ወይ ብላ ስትጠይቀው «የለም» አላት። እኔም የለም አልኩ፤ ዓይኔን ሳላሽ ነው ያልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ ሌላ ምን ልበል? ክኒን ታዘዘለት።

አክስቴ ክኒኑን ስታይ ቅር አላት፤ አፍ አውጥታ ግን አልተቃወመችም። ይልቅስ ያግዘው ብላ አንዱን እፍኝ ሁለት አደረገችው። ዐሥር ቀን ሳይሞላ አባዬ ላብ በላብ ሆነ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ ሳያዘው ይወራጫል፤ የት እንዳለ ጠፋው። ደግፈን ሐኪሟ ያለችበት ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሟ መተላለፊያው ድረስ መጥታ ያንኑ ጥያቄ ደገመችልን። እኔም ያንኑ መልስ ደገምኩ። አክስቴ አግዳሚው ላይ ፔርሙሷን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ሲነቃ ልትሰጠው ይዛው መምጣቷ ነው። ሐኪሟ ዓይኗ ፔርሙሱ ላይ አረፈና ምን እንዳለበት ጠየቀቻት።

«መድኃኒት አይ…» ብላ ጀመረች አክስቴ። የአባዬን ክፍል በር አየች፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍታ ፔርሙሱን ለሐኪሟ ሰጠቻት።

«መድኃኒት ነው» አለች።

ሐኪሟ አሸተተችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። አበባውን እንደምታውቀው፣ ድባቴው ቀለል ያለለትን አንዳንድ ሰው ሊረዳ እንደሚችል፣ ከዚህ ክኒን ጋር ሲገናኝ ግን ሰው እስከ መግደል እንደሚደርስ ነገረችን። አክስቴ አንገቷን ደፍታ፣ ቅጠል ምን ይጎዳል ብላ እንደነበር፣ ሻይ ብቻ መስሏት እንደነበር ተናገረች።

«እናቴ፣ ሻይ ብቻ ቢሆንማ ምንም ባላደረጋቸው ነበር» አለቻት ሐኪሟ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው ግን የተባለ ነገር አልሰማሁም።

አባዬ ሁለቱም ተቋርጠውለት በሦስተኛው ቀን ራሱን አወቀ። ሲረጋጋ ክኒኑ ብቻውን እንደ አዲስ ተጀመረለት፤ ወደ ቤትም ተመለስን። የአክስቴ እግር ግን ከደጃችን ጠፋ። እሱ በየጠዋቱ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ዓይኑን በሩ ላይ ይተክላል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ ሊገድልህ የነበረውን ነገር ነው የምትጠብቀው አልኩት። አክስቴ እውነቷን ነው፤ አፌ አያርፍም።

«ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ገብቶኝ ነበር» አለ። «ሆን ብዬ ነው የለም ያልኳት። ሻዩን ብትከለክለኝ እህቴ በምን ሰበብ ትመጣለች?»

ከስንት ሳምንት በኋላ አንድ ላይ ያን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጣዕሙ እንደ ሬት ነበር አለኝ። ብርጭቆውን የሚያቆየው ግን መርሮት አልነበረም፤ ቶሎ ከጨረሰው ተነስታ ስለምትሄድበት ነው።

በቀጥታ ሱቋ ሄድኩ። ሦስተኛው መሳቢያ ላይ ወረቀት ለጥፋ በትልልቁ «መድኃኒት ነው» ብላ ጽፋበታለች። ከሥሩ ደግሞ፣ ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጠጣ። ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት።

«ምን ይዤ ልምጣ?» አለችኝ።

አክስቴ ሰው ቤት ባዶ እጇን ገብታ አታውቅም፤ የታመመ ሰው ቤትማ ጭራሽ። አባዬ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ወንፊቱን ከእጇ አስቀመጠችና ፊቷን በመሐረቧ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አክስቴ እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት ቆማለች፤ አንዴ ታጣምራቸዋለች፣ አንዴ ኪሷ ውስጥ ትከታቸዋለች። አባዬ ቀና ብሎ ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁት» አለችው።

«ደግ አደረግሽ» አላት። «ተቀመጪ።»

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። የሚጨረስ ብርጭቆ አልነበረም። ያን ቀን ሱቋን የከፈተችው ከሰዓት በኋላ ነው።