የእትዬ ዘነበች ጉርሻና የሆዴ ፊኛ

«በሞቴ» የሚባለው ነገር ከአገር ቢጠፋልኝ ግልግል ነው! የሳሪስ አቦዋ አክስቴ እትዬ ዘነበች ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ «ካንቺ እኮ ሆድሽ ቀድሞ ነው የሚገባው» ሲሉኝ ኖረዋል።

መሮኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በአፌ በኩል ፊኛ ሆዴ ውስጥ አስገብቶ ውሃ ሞላው፤ ቶሎ እንድጠግብ ነው። «ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ወሬ ፈርቼ ከባሌ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች ዶሮ ወጥ ተሸክመው ኮዬ ፈጬ ቤቴ ከች አሉ። አልበላም አልኩ። «በሞቴ!» አሉ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ፊቴን አዞርኩ። ጭራሽ አገጬን ይዘው ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀጠቁብኝ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። «አንድማ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ፣ የመጀመሪያው ተመልሶ ወጥቶ ነጠላቸው ላይ አረፈ።

ይጮሁብኛል ስል እልልታቸውን አቀለጡት።

«ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ስለቴ ሰመረ! አረገዘችልኝ!»

እንባቸውን ጠርገው ሁለተኛውን ጉርሻ አፌ ላይ ደቀኑ።

«በይ ክፈቺ! ከዛሬ ጀምሮ የምትበዪው ለሁለት ነው!»